ሩት ታጭታለች፤ ለጋዜጣችሁ ግን ገና አልነጋም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፤

ባለፈው ቅዳሜ «ዘንድሮ ለኦስካር እነማን ይታጫሉ?» በሚል ርዕስ ሙሉ ገጽ ሰጥታችሁ ያወጣችሁትን ትንበያ አንባቢዎቻችሁ እንዳነበቡት ስለማምን ይዘቱን እዚህ አልደግመውም። እኔም ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለተኛውን ጊዜ ያነበብኩት ጣፍጦኝ ሳይሆን፣ በሦስተኛው ዓምድ ግርጌ ያለው ዓረፍተ ነገር በእርግጥ እንደዚያ ብሎ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ብሏል። «ከኢትዮጵያ ምድር የበቀለ ሰው በኦስካር የትወና ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ በቅርቡም ይገባል ተብሎ አይጠበቅም» ይላል። ስለ መጪው ጊዜ የፈለጋችሁትን መተንበይ መብታችሁ ነው፤ ትንበያው ቢስት ማንም አይከሰስበትም። ያለፈው ግን ትንበያ አያስፈልገውም፤ ዞር ብሎ ማየት ይበቃዋል።

ተዋናይት ሩት ነጋ የተወለደችው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት ናቸው። በልጅነቷ ከዚህ ወጥታ በአየርላንድና በእንግሊዝ አደገች። ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. በምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ ከታጩት አምስት ሴቶች አንዷ ሆና ስሟ ተጠራ። ያሳጫት «ላቪንግ» በተሰኘው ፊልም ሚልድረድ ላቪንግን ሆና መጫወቷ ነው። ሚልድረድ ነጭ ሰው በማግባቷ ከነባሏ ከቨርጂኒያ እንድትወጣ የተፈረደባት፣ በመጨረሻም ጉዳያቸው እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች ያስሻረ ሴት ናት። ከሩት ጋር የታጩት ኢዛቤል ሁፔር፣ ናታሊ ፖርትማን፣ ኤማ ስቶንና ሜሪል ስትሪፕ ነበሩ። ሽልማቱን የወሰደችው ኤማ ስቶን ናት። ከዚህ ውስጥ በምስጢር የተደረገ ነገር የለም፤ ዓለም በቀጥታ ሥርጭት አይቶታል።

«እርሷማ አየርላንዳዊት ናት» የሚል መልስ እንደሚመጣ እጠብቃለሁ። ትክክል ነው፤ አየርላንዶች የራሳቸው አድርገው ይኮሩባታል፣ እኔም ካደገችበት ከአየርላንዱ ከተማ ከሊመሪክ ሰዎች ጋር ልሟገትባት አላሰብኩም። ነገር ግን ዘጋቢያችሁ ስለ ፓስፖርት አልጻፉም፤ «ከኢትዮጵያ ምድር የበቀለ» ብለው ነው የጻፉት። አዲስ አበባ ከኢትዮጵያ ምድር ወጥታ ከሆነ ይነገረን፤ እኛ ዳር ስላለን ወሬው ዘግይቶብን ይሆናል። በዚያው ልክ ፍትሐዊ ለመሆን ስል፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በምርጥ ዘፈን ዘርፍ የታጨውን ድምፃዊ አቤል ተስፋዬን ለክርክሬ አልጠቀምበትም። ወላጆቹ ኢትዮጵያውያን ቢሆኑም የተወለደው ቶሮንቶ ነው፣ የታጨውም በትወና አይደለም። ሳትጠይቁኝ የራሴን ማስረጃ ቀንሼላችኋለሁ።

ይህ ጉዳይ እኔን ለምን እንዲህ እንዳንገበገበኝ መናገር አለብኝ። በ2009 ዓ.ም. ሳሪስ ተከራይቼ እኖር ነበር። ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት አንድ የኤፍኤም ሬዲዮ የመዝናኛ ዝግጅት አምስቱን መሪ ተዋናይት ዕጩዎች ቀድሞ ለገመተ ሁለት የሲኒማ መግቢያ ትኬት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ደወልኩ። ሁፔር፣ ፖርትማን፣ ስቶን፣ ኤሚ አዳምስና ሩት ነጋ አልኩ። አቅራቢው የመጨረሻውን ስም ሲሰማ ሳቀና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአገር ፍቅር ነው እንጂ ትንበያ አይደለም» ብሎ ወደ ማስታወቂያ አለፈ። ምክንያቴን ላስረዳ ስል መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ስሟ በተጠራ ዕለት ማንም አልደወለልኝም። በእርግጥ እኔም ሜሪል ስትሪፕን ረስቼ በኤሚ አዳምስ ተሳስቻለሁ፤ ሆኖም ትኬቱን የወሰደው ሰውም ያገኘው እንደ እኔው አራት ስም ነበር። እርሱ ላይ አልተሳቀም።

ያን ዕለት ያልተሰማልኝን ምክንያት እነሆ ዛሬ ልናገር፤ በሙያዬ የሒሳብ መምህር ነኝና አንባቢ ይታገሰኝ። ዘጋቢያችሁ ከኦስካር ቀድሞ የሚሰጠውን ሌላ የፊልም ሽልማት፣ ጎልደን ግሎብን፣ «የኦስካር መስታወት» ብለውታል። መስታወት የሚያሳየው ፊቱ የቆመውን ነው፤ ጎልደን ግሎብን የሚመርጡት ግን ጋዜጠኞች ናቸው፣ የኦስካርን የትወና ዕጩዎች የሚመርጡት ደግሞ ሽልማቱን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ አባል የሆኑ ተዋናዮች ናቸው። ሁሉም የአካዳሚው አባላት ድምፅ የሚሰጡት አሸናፊው ሲለይ ነው። ስለዚህ ብዙ ተንባዮች ከጋዜጠኞቹ ይልቅ ወደ አሜሪካው የስክሪን ተዋናዮች ማኅበር የሽልማት ዕጩዎች ዝርዝር ይመለከታሉ፤ መራጮቹ በከፊል አንድ ናቸውና። ነገሩ አስተማሪ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ያን ዓመት ጎልደን ግሎብ ሩት ነጋን አጨ፤ የተዋናዮቹ ማኅበርና የእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት ባፍታ ግን በመሪ ተዋናይት ዘርፍ አላጯትም። ኤሚ አዳምስን ሦስቱም አጭተዋት ነበር፣ ኦስካር ላይ ግን ቀረች። ጎልደን ግሎብም ቢሆን ነቢይ አልነበረም፤ ያጫት ጄሲካ ቻስቴይን ቀርታለች።

ታዲያ ሩት በምን ገባች? በአቆጣጠሩ ነው የምል እኔ ነኝ። በትወና ዘርፍ እያንዳንዱ መራጭ እስከ አምስት ስም በቅደም ተከተል ይጽፋል። አምስት ቦታ ሲኖር ለመታጨት የሚያስፈልገው ድምፅ ከጠቅላላው አንድ ስድስተኛ ጥቂት የበለጠ ነው። ለምሳሌ 1,200 ሰው ድምፅ ቢሰጥ፣ 1,200ን ለስድስት አካፍሎ አንድ መጨመር ነው፤ 201 ይሆናል። በአንደኛ ደረጃ ላይ ጥቂት ድምፅ ያገኘ ስም እየተሰረዘ ድምፁ በመራጩ ቀጣይ ምርጫ ላለው ይተላለፋል። በዚህ ስሌት አንዲት ተዋናይት የሺህ ሰው አራተኛ ምርጫ ሆና ልትወድቅ፣ ሌላዋ ደግሞ የሁለት መቶ አንድ ሰው አንደኛ ምርጫ ሆና ልትታጭ ትችላለች። ብዙ ያልጮኸው፣ በዝምታ የተሞላው የሩት ትወና ያዩትን ጥቂቶች አጥብቆ የሚይዝ እንደሆነ ገምቼ ነበር። ይህ የአገር ፍቅር ከሆነ የማካፈል ስሌትም የአገር ፍቅር ነው። የእናንተ ዘጋቢ ግን በአንድ ሙሉ ገጽ «አስተማማኝ ትንበያ» ውስጥ ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር አንድ መስመር አልጻፉም። ለፎቶግራፎቹ ግን ቦታ አልጠፋም።

ምናልባት ዘጋቢው ሊሉ የፈለጉት «የኢትዮጵያ ፊልም ታጭቶ አያውቅም» ይሆናል። እንደዚያ ቢሉ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር፤ እውነት ነዋ። በዓለም አቀፍ ፊልም ዘርፍ አንድ አገር በዓመት አንድ ፊልም ብቻ ያቀርባል። ኢትዮጵያም፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልጥራና፣ በ2010 ስለ አበበ ቢቂላ የተሠራውን «አትሌቱ»ን፣ በ2014 በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘውን የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪን «ድፍረት»ን፣ በ2015 ደግሞ በካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ»ን አቅርባለች። አንዳቸውም ከአምስቱ ዕጩዎች አልገቡም። ሐረር አካባቢ የተቀረጸው የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» በ2021 መጨረሻ በዘጋቢ ፊልም ዘርፍ ተጣርተው ከቀሩት አሥራ አምስት ፊልሞች አንዱ ነበር፤ እርሱም ወደ አምስቱ አልተሻገረም።

«መታጨት» የሚለውን ቃል እኛው ነን ለኦስካር ያዋስነው፤ ትርጉሙን ልንረሳው አይገባም ነበር። በአገራችን ሽማግሌ የላከ ሁሉ አልታጨም። ፊልም ማቅረብ ሽማግሌ መላክ ነው። ከአሥራ አምስቱ መግባት «ከዘመድ እንምከርበትና በዚህ ቀን ተመለሱ» መባል ነው። ከአምስቱ መግባት ነው መታጨት የሚባለው፤ የወርቁን ሐውልት መቀበል ደግሞ ሠርጉ ነው። ዘጋቢያችሁ ግን ሽማግሌውንም ቀጠሮውንም ሠርጉንም «ለኦስካር በቃ» በሚል አንድ ሐረግ ጠቅልለው፣ በመጨረሻ በእውነት የታጨችዋን ሴት ከዝርዝሩ አወጧት። አያቴ በሕይወት ቢኖሩ እንዲህ ያለውን ሰው ለሽምግልና አይልኩም ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቅሬታዬ ልለፍ። ጽሑፉ «ያነጋገርናቸው የመዲናዋ የፊልም አፍቃሪዎች» ብሎ የአራት ሰዎችን ግምት አውጥቷል፤ አራቱም በቦሌ ዙሪያ የተገኙ ናቸው። «ከከተማው ዳር ያለው ተመልካች ከተከታታይ ድራማ ያለፈ ነገር እንደማይከታተል ይታወቃል» የሚልም ታክሎበታል። በማን እንደሚታወቅ አልተገለጸም። እኔ የምኖረው የአዳማው ፈጣን መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አዎ፣ ድራማም እናያለን፤ ነውር መሆኑን አላወቅንም ነበር። ነገር ግን ላለፉት ስድስት ዓመታት ጥር በገባ ቁጥር አሥራ አንድ ጎረቤታሞች በብሎካችን ኮሙናል ተሰብስበን፣ የለቅሶ ወንበሮቹን አውጥተን፣ የየግል ግምታችንን በወረቀት ጽፈን በፖስታ እናሽጋለን። ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር አሉ፣ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ብርሃን እንጽፋለን። የተሸነፈ ቡና ያፈላል።

ከሁላችን በልጠው ሁለት ዓመት ተከታትለው ያሸነፉት እትዬ የምንላቸው፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ዘዴያቸውን ስጠይቃቸው «የተወራለትን ተወው፤ የተለቀሰለትን ጻፍ» አሉኝ። እኔ ከላይ በ1,200 እና በስድስት ያደከምኳችሁን ነገር እርሳቸው ማዋዣ ሳያስፈልጋቸው ጨረሱት።

ስለዚህ ስብስብ ጋዜጣችሁ አያውቅም እንዳልል ያውቃል። በታኅሣሥ ወር ለዝግጅት ክፍሉ ደውዬ ነበር፤ ዘጋቢውም በትሕትና አነጋግረውኝ እሑድ ሊመጡ ቃል ገቡ። እትዬ ዳቦ ደፍተው ጠበቁ። ረፋዱ ላይ ተደውሎ «ቱሉ ዲምቱ ትንሽ ራቀብኝ» ተባልን። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተዘጋ በር የሚሰጠውን ድምፅ ከቢሯቸው ሆነው አጥርተው ለሚያዩ ሰው ቱሉ ዲምቱ እንዴት ሊርቅ እንደቻለ አሥራ አንዳችንም ልንገምት አልቻልንም። ዳቦውን በላነው።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። በሚቀጥለው ዕትም፣ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ሩት ነጋ በ2009 ዓ.ም. መታጨቷ ይጻፍ። በስድስተኛው ገጽ ከጠፋ መታወቂያ ማስታወቂያ ሥር ሳይሆን፣ ሰው በሚያነብበት ቦታ ይሁን። እግረ መንገዳችሁንም የዕጩዎቹ ስም «ሌሊት» ይፋ ይሆናል ያላችሁትን አርሙ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ግድም የሚጀምረው የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ነው። የዕጩዎቹ ስም እዚያ ንጋት ላይ ሲጠራ እኛ ዘንድ ከቀኑ 10፡30 ገደማ ነው፤ ተማሪዎቼን ሸኝቼ ለመድረስ የምሮጥበት ሰዓት ስለሆነ አልስተውም።

ፖስታዎቹ ታሽገው እትዬ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የሚከፈቱት ስሞቹ በተጠሩበት ዕለት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ዘጋቢያችሁ መምጣት ከፈለጉ ከቃሊቲ ታክሲ አለ፤ አደባባዩ ላይ ወርደው ቢደውሉልኝ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ። የራሳቸውን ትንበያ የታተመበትን ገጽ ይዘው ይምጡ፤ ከእኛ ወረቀቶች ጋር አብረን እናርመዋለን። ከተሸነፉ ቡናው የእርሳቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሒሳብ መምህሩ
ከቱሉ ዲምቱ