ከቁመት ላይ መቶ መቀነስ ጤናማ ክብደትን አይነግርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጤና ዓምዳችሁ ላይ በሴንቲ ሜትር ከተለካ ቁመት መቶ በመቀነስ «ቁመቱ 1.65 ሜትር የሆነ ሰው 65 ኪሎ መመዘን አለበት» የሚል ምክር ወጥቷል። ለዚያ ቁመት 65 ኪሎ ጤናማ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን 52 ኪሎም ጤናማ ነው፤ ምክሩን ያመነ የ52 ኪሎ ሰው በከንቱ 13 ኪሎ ልጨምር ብሎ ይነሳል። በዚህ ቁመት ጤናማ የሚባለው ክብደት ከ50.4 እስከ 67.8 ኪሎ ነው።

ይህ ክልል የሚገኘው ክብደትን ከቁመት ጋር ከሚያነጻጽረው ቢኤምአይ ከሚባለው ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ማካፈል፣ የተገኘውን እንደገና ለዚያው ቁመት ማካፈል። 70 ኪሎ ለ1.65 ሲካፈል 42.4 ይመጣል፤ ሲደገም 25.7። ብዙ ሰው አንዴ አካፍሎ ያቆምና 42ን አይቶ ይደነግጣል። ለአዋቂ ከ18.5 በታች የክብደት ማነስ፣ እስከ 24.9 ጤናማ፣ ከ25 ጀምሮ ከፍ ያለ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ቁመት ሁለት ጊዜ ስለሚያካፍል ትንሽ ስህተት ውጤቱን ያዛባል። ያው የ70 ኪሎ ሰው በጫማው ሶል ምክንያት 1.68 ተብሎ ቢለካ 24.8 ይወጣለትና «ጤናማ» ይባላል። ስለዚህ ጫማ ማውለቅ፣ ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር መፍታት፣ ተረከዝን ግድግዳ አስነክቶ ፊት ለፊት እያዩ መቆም ያስፈልጋል። ሚዛኑም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠጣር ወለል ላይ ይቀመጥ።

ስሌቱን በ1830ዎቹ ያወጣው ቤልጅጋዊው የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሐኪም አልነበረም፤ የሚያጠናው የብዙ ሰዎችን አማካይ ነበር። ቁጥሩ ስብን ከጡንቻ አይለይም። ክብደት የሚያነሳ ስፖርተኛ 28 ሆኖ ስቡ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ጡንቻቸው የሟሸሸ አዛውንት ደግሞ 23 ሆነው ሆዳቸው ውስጥ ብዙ ስብ ሊኖር ይችላል። ለነፍሰ ጡር አይሠራም፤ ለልጆችም የሚነበበው ከዕድሜና ከፆታ ጋር ተነጻጽሮ ነው።

ለዚህ ነው የወገብ ልክ የሚጨመረው። የሚለካው በቀበቶ ቦታ አይደለም፤ ሱሪውን ከቦርጩ በታች የሚታጠቅ ሰው ራሱን ያታልላል። በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንትና የዳሌን አጥንት ጫፍ በጣት ፈልጎ፣ በመካከላቸው ሜትሩን አግድም ማዞር፣ እንደ ወትሮው ተንፍሶ ሆድን ሳይስቡ ማንበብ ነው። ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ካለፉ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋቱ ይጨምራል፤ ከ102 እና ከ88 ሲያልፍ ይበረታል። የ1.65 ሰው ወገብ ከቁመቱ ግማሽ፣ ማለትም ከ82.5 በታች ቢሆን ይመረጣል።

ከፍ ያለ ክብደት ያለው ሰው ቢኤምአዬ ወደ 24 ካልወረደ ብሎ መጨነቅ የለበትም። ከ100 ኪሎ 5 ወይም 10 መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትንና ስኳርን ያሻሽላል።

በተቃራኒው 1.75 ሜትር የሚረዝም ሰው ሳያስበው በስድስት ወር ከ80 ወደ 74 ኪሎ ቢወርድ፣ ቢኤምአዩ ከ26.1 ወደ 24.2 «ተስተካከለ» ማለት ነው። ነገር ግን ሳያስቡ መክሳት የበሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን ሰው እንኳን ደስ ያለህ ከማለት ሐኪም ዘንድ መላክ ይሻላል።

የሥነ ምግብ ባለሙያዎች