ከጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ በኋላ ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የቃጠሎውን ወሬ በሬዲዮ የሰሙ ዕለት ደውለው «ምን ተረፈ?» ብለው ስለጠየቁኝ፣ ሄጄ ካየሁ በኋላ እጽፍልዎታለሁ ባልኩት መሠረት ይህን ጻፍሁ።

እሳቱ የተነሣው እሑድ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። ዋናው ሕንፃ ቢጎዳም ቆሟል። ጃዝ አምባ የተባለው የሙዚቃ ክበብ የነበረበት አዳራሽ ግን የለም።

በ1898 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ይህ ቤት የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። ያኔ በገንዘብ እህል መብላት እንደ ነውር ይታይ ስለነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው እንደከፈሉ ይነገራል፤ ይህን ታሪክ ልጅ ሆኜ የሰማሁት ከእርስዎ ነው። ራስ ሆቴል የራሱ ባንድ የነበረው በእርስዎ ጉርምስና ጊዜ እንደሆነ፣ በደርግ ዘመንም ሰዓት እላፊው ሲታወጅ ሙዚቃ ወዳዱ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ ሆቴል ውስጥ ያድር እንደነበር ያጫወቱኝም እርስዎ ነዎት። ጃዝ አምባ በ2003 ዓ.ም. ገደማ ሲከፈት ያ የሆቴልና የሙዚቃ ዝምድና የተመለሰ መሰለኝ፤ እርስዎን ከገጠር ያስመጣሁዎትም ለዚሁ ነበር።

ያን ምሽት አልረሳውም። ግሩም መዝሙር አኮርዲዮኑን ይዞ፣ አየለ ማሞ ማንዶሊኑን ታቅፈው የአዲስ አኩስቲክ ባንድ ጓዶች ሲጫወቱ፣ እርስዎ ምንም ሳይናገሩ በቀኝ እጅዎ ጣቶች ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው ይመቱ ነበር። ከእናቴ ሞት በኋላ እንዲያ ሆነው ያየሁዎት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ «ይህን የሰማሁት ሳላገባ ነው» አሉኝና ዝም አሉ፤ የት፣ ከማን ጋር እንደሰሙት ሳልጠይቅዎት መቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ትናንት አጥሩ አጠገብ ቆሜ የከሰለውን አግዳሚ ሳይ ያ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። አባቴ፣ ዓይንዎ ከደከመ ለታናሽ ወንድሜ እየነገሩ ያስጽፉት እንጂ፣ የዚያን ዘመን ምሽቶች በየትኞቹ ቤቶች እንዳሳለፉ፣ ማን ምን እንደተጫወተ፣ ከማን ጋር እንደጨፈሩም ሳይቀር ይላኩልኝ። በትንሣኤ ስመጣ የማንዶሊኑን ሙዚቃ ቅጂ ይዤልዎት እመጣለሁ።

ልጅዎ