ስለ ክሪስቲ ብራውን ፊልም፣ ስለ አዳራሹ ደረጃም

ሰላም አዘጋጆች፣

ቅዳሜ ማታ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ አዳራሽ ውስጥ «ማይ ሌፍት ፉት»ን አየሁ። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (የሰውነት እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ይዞት ከግራ እግሩ በቀር ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው የደብሊኑ ሠዓሊና ደራሲ የክሪስቲ ብራውን ታሪክ። ዳንኤል ዴይ ሉዊስ ኦስካር ያገኘበት። ይገባዋል፤ እኔን የያዘችኝ ግን እናትየዋ ናት (ብሬንዳ ፍሪከርም ኦስካር ወስዳለች፣ እሰይ!)። ልጁ በእግሩ ጣቶች ጠመኔ ይዞ፣ እየታገለ ወለሉ ላይ «እናት» ብሎ ሲጽፍ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ደስ ያለኝ ደግሞ ሰውዬውን መልአክ አለማድረጋቸው ነው። ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ ይቀናል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። በዊልቸር የሚሄደው ጓደኛዬ አብሮኝ መጥቶ ነበር። ጣና ዳር ታንኳና ፔሊካን እየሳለ ለቱሪስት የሚሸጥ ልጅ ነው። አዳራሹ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት የለ። ጥበቃው «እንሸከምህ» ቢለው «እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ?» ብሎ ስቆ ወደ ሐይቁ ዳር ተመለሰ። በኋላ ፊልሙን ስተርክለት ያመሸሁት እኔ ነኝ፣ ያውም ማኪያቶ ጋብዤ! የአዳራሹ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ግቢው ውስጥ ነጭ አቡጀዲ ወጥራችሁ አሳዩን፤ ወንበር እኛው ይዘን እንመጣለን።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር