«አያስፈልገኝም» ያለ አልተገኘም

ግንቦት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጅሽስ አደገልሽ? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብቅ ስል የምትይኝን አላጣውም። ስድቡን ተቀብያለሁ፤ ብቻ አንብበሽ ከጨረስሽ በኋላ ይሁን።

ኮሌጁ የሥርዓተ ጾታ ክፍሉን ሰጠኝ። «ክፍል» ስልሽ አንድ ጠረጴዛ፣ ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥንና እኔ ነን። የመጀመሪያ ሥራዬ ሠራተኛው በሥርዓተ ጾታና ልማት ላይ ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልገው ማጥናት ነበር። መጠይቅ በተንኩ። «ሥልጠና ያስፈልግዎታል?» ለሚለው «አያስፈልገኝም» ያለ አንድ ሰው አልተገኘም! ደስታዬን ሳልጨርስ አንዱ የብየዳ መምህር «አዳማ ነው ቢሾፍቱ? አበሉስ?» ብሎ ኩም አደረገኝ።

ጥፋቱ የኔው ነው። ሰው የሚመኘውንና ሥራው የሚጠይቀውን አደባልቄ ነበር የጠየቅሁት። ወረቀቱን ትቼ በየቢሮው ገባሁ። ሬጅስትራሩ የተመዘገቡትን ሴትና ወንድ ብሎ ለይቷል፤ አቋርጠው የወጡትን ግን በጅምላ ነው የያዘው። ስለዚህ አውቶ መካኒክ ከገቡት ሴቶች ስንቶቹ እንደቀሩ የሚነግርሽ የለም። ይሄን ሥልጠና ይፈታዋል። ወንዶቹ ደግሞ «ጾታ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብለው ሊያልፉኝ ሲሉ፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 ሚስቱ ለወለደች ሠራተኛ 10 ቀን ፈቃድ እንደሚሰጥ ነገርኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ከዓመት ፈቃዳቸው እየቀነሱ ሚስታቸውን ሲያርሱ የኖሩ ነበሩ።

የጽዳት ሠራተኞቹን መጠይቁ ጭራሽ አልደረሳቸውም ነበር፤ ቡና ሲያፈሉ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከሁለተኛው በኋላ አንዷ «የሴቶቹ መጸዳጃ መቀርቀሪያ የለውም፤ ተራ በተራ በር እንይዛለን» አለችኝ። ለዚህ ምን ሥልጠና ይሰጣል? የብረታ ብረት ክፍሉ እኮ ከመጸዳጃው ፊት ለፊት ነው!

የሕፃናት ማቆያ ያነሱትም እነሱው ናቸው። ያኔ አንቺ ታየሽኝ። አዋጁ መሥሪያ ቤት ማቆያ እንዲያቋቁም ያዛል፤ እኛ ግቢ ግን ዛሬም የለም። የ120 ቀን የወሊድ ፈቃድሽ አልቆ፣ ጡትሽ አግቶ በክፍለ ጊዜ መሃል ወደ ቤት ስትሮጪ፣ ኋላም ሥራውን ስትለቂ «ምነው ትንሽ ብትታገሺ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። መጥፋቴ በሥራ ብዛት አይደለም። ባፍር ነው።

ሪፖርቱን ጽፌ መቀርቀሪያውንና ማቆያውን «በሥልጠና የማይፈቱ» ብዬ ለብቻ ገጽ ሰጠኋቸው። ዲኑ «የታዘዝሽው ሥልጠና ነው፣ ይሄን ገጽ አውጪው» አለኝ። አላወጣሁትም።

ሐሙስ ለማኔጅመንት አቀርባለሁ። ከመሄድሽ በፊት ምን ቢደረግልሽ ትቀሪ ነበር? ቁጭ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ስምሽን አላነሳም።

ያንቺው