“ነገ ይምጡ” ሲል የኖረ ልብስ ሰፊ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን በዚህ የአንባብያን ገጽ ላይ አንድ ሰው በልብስ ሰፊዎች ተማርረው የጻፉትን አነበብኩ። አንድ ሱሪ ለማሳጠር አራት ጊዜ ተመላልሰዋል። ጽሑፉን ያሳየችኝ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ናት። “ጋሼ፣ ስለ እርስዎ ተጽፏል” ብላ ጋዜጣውን የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋችልኝ። ስለ እኔ አልነበረም። ሰውየው የጠቀሱት ሰፈር ሌላ ነው። ግን የእኔን ሱቅ ቢጠቅሱም ኖሮ ልከራከር አልችልም ነበር።

ሽሮ ሜዳ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሥራውን ከጀመርኩ 22 ዓመት ሆነኝ። ዋናው እንጀራዬ የሀበሻ ቀሚስ ነው። ክረምት ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በመሃል ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር አለ። ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት የስፌት መኪና፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚቋጭ አንድ ኦቨርሎክ፣ አንድ ካውያ፣ ለደንበኛ የሚሆን አንድ በርጩማ። በርጩማው ላይ ሰው ከተቀመጠ ሌላው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ።

ሰውየው “ለምን ትዋሻላችሁ?” ብለው ጠይቀዋል። ደህና ጥያቄ ነው። ከሙያው ሰው መልስ ይገባቸዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ መብራት ልናዘዝ። ቀጠሮ ሲያልፍብኝ “መብራት ጠፍቶ ነው” እል ነበር። ሁላችንም እንላለን። መብራት እውነትም ይጠፋል፣ ኦቨርሎኩም ካውያውም ያለ እሱ አይሠሩም። ቀሚስ የምሰፋበት መኪና ግን በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው። ሲንጀር ከመብራት ኃይል ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። በ22 ዓመት ውስጥ ይህን ያስተዋለ አንድ ደንበኛ ብቻ ነው። እሱም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። እግሬን አየና “ይሄ እኮ በእግር ነው የሚሠራው” አለ። እናቱ “ዝም በል፣ ትልቅ ሰው ሲያወራ!” ብላ ተቆጣችው። እኔም ዝም አልኩ። አሁንም ድረስ ያ ልጅ ያሳዝነኛል።

ውሸቱ የሚጀምረው ግን ልብሱን በምንረከብበት ቀን ነው። መብራቱ ኋላ የሚመጣ ሰበብ ነው።

2014 ዓ.ም. የገና ማግስት ላይ ለጥምቀት የሚደርሱ 37 ቀሚሶች እጄ ላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት ከገና ማግስት እስከ ከተራ ዋዜማ አሥር ቀን ነው። ሁለት እሑድ ሲወጣ ስምንት። እኔና ልጅቷ ተጋግዘን፣ ምንም እንቅፋት ባይገጥመን፣ በቀን ሦስት ቀሚስ እንጨርሳለን። ሦስት በስምንት 24 ነው። የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። አሥራ ሦስት ሰው ለጥምቀት እንደማይደርስለት በዚያ ጠዋት ይታወቅ ነበር፣ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ቢኖር። አላሰላሁም። እንዲያውም በማግስቱ ሁለት ተጨማሪ ተቀበልኩ።

ለምን? ደንበኛ በር ላይ ቆሞ “ይደርስልኛል?” ሲል “አይደርስም” ማለት ገንዘብ ከኪስ አውጥቶ ለጎረቤት መስጠት ይመስላል። ከእኔ ሱቅ ሦስት እርምጃ ርቆ ሌላ ሰፊ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላ። ቀሚሱ የሚሄድበት ቦታ ይታየኛል። ስለዚህ ቀብድ እቀበልና “ነገ ይምጡ” እላለሁ። ጨርቁ እኔ ጋ ከዋለ ደንበኛው የትም አይሄድም። የሙያው ምስጢር ይኸው ነው። ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።

ሱቅ ውስጥ ከራሴ በላይ “ደንበኛ ንጉሥ ነው” የሚል ጽሑፍ ሰቅዬ ነበር። ፊት ለፊቴ ያለው ባለ ኪዮስክ ደግሞ “ዛሬ በእጅ ነገ በዱቤ” የሚል አለው። ከሁለታችን እውነተኛው እሱ ነው። የእሱ ነገ እንደማትመጣ ሁሉም ሰው ያውቃል።

በዚያ ዓመት ከደንበኞቼ አንዷ ከኮተቤ የምትመጣ ሴት ነበረች። ቀሚሱ ለ12 ዓመት ሴት ልጇ ነው። “ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ” ይባላል። እናት ስትሆን ደግሞ ነገሩ ከተረትም ያልፋል። ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስት ጊዜ “ነገ” ብያታለሁ። ከኮተቤ ሽሮ ሜዳ ታክሲ እየቀያየሩ ነው፤ ደርሶ መልስ ሲሆን ግማሽ ቀን ይበላል። በአራተኛው፣ በከተራ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መጣችና በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም። “እጠብቃለሁ” ብቻ አለች።

ቀሚሱ ገና እጅጌ አልነበረውም። ጥልፉ ከጠላፊው የመጣው በዚያው ጠዋት ነው። ውጭ ታቦት ሲወርድ እልልታው ይሰማል። እኔ እረግጣለሁ፣ እሷ ታየኛለች። አንድ እጅጌ ገጠምኩ። ሁለተኛውን ስጀምር መሸ፣ ከዚያ መብራት ጠፋ። በእውነት ጠፋ። “መብራት ጠፋ” አልኳት። ሳቀች። እኔም መሳቅ ፈልጌ አፈርኩ። ስልኳን አወጣችና ባትሪውን አብርታ መርፌው ላይ ያዘችልኝ። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እንደዚያ ቆይተን ጨረስን። ሳይተኮስ ፌስታል ውስጥ ከተትኩላት።

ስትወጣ ቀሪውን ሒሳብ ቆጥራ ሰጠችኝ። ልቀንስላት ብል እምቢ አለች። እንዲህ አለችኝ፦ “ጋሼ፣ የዘገዩት አላናደደኝም። በመጀመሪያው ቀን አልደርስም ቢሉኝ ሌላ ሰፊ ጋ እወስደው ነበር። እርስዎ ግን ያዙብኝ።”

ተመልሳ አልመጣችም።

“ያዙብኝ” የምትለው ቃል አልለቀቀችኝም። ሰው የሚያማርረው በስፌቴ ይመስለኝ ነበር። በዋጋ ይመስለኝ ነበር። የኔ ጥፋት ግን ሰውን ጨርቁንም ቀኑንም ይዞ ማስቀመጥ ነበር። የሴትየዋ ልጅ ጠማማ እጅጌ ይዛ ብትሄድ እናቷ ታስተካክልላት ነበር። ያለፈ ከተራ ግን አይተኮስም።

ከጥምቀት በኋላ ባለ መስመር ደብተር ገዛሁ። በእያንዳንዱ ቀን ሥር ሦስት መስመር አሰመርኩ። ሦስቱ ከሞላ ያ ቀን አለቀ። አራተኛ ሰው ሲመጣ ደብተሩን አዙሬ አሳየዋለሁ። ይህን ያደረግሁት ለእሱ ብቻ አይደለም። አፌ “እሺ” ለማለት ስለሚቸኩል መከልከያ ስላስፈለገኝ ጭምር ነው። ጠላፊውና ሸማኔውም ሰው ናቸውና፣ ይታመማሉ፣ ለቅሶ ይሄዳሉ። ስለዚህ ለደንበኛ የምነግረው ቀን ሥራው ያልቃል ብዬ ካሰብኩት ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ቀድሞ ካለቀ እደውላለሁ። “አልቋል፣ ይምጡ” ብዬ የደወልኩላቸው የመጀመሪያዋ ሴትዮ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዘው ዝም አሉ። ከዚያ “ማን ልበል?” አሉ። ልብስ ሰፊ ደውሎላቸው አያውቅም።

በራሴ ጥፋት ካሳለፍኩ ደግሞ ከስፌቱ ዋጋ 200 ብር እቀንሳለሁ። ደንበኛው ሳይጠይቅ። በመጀመሪያው ዓመት 11 ጊዜ ከፍያለሁ። አምና ሦስት ጊዜ። ኪስ ሲነካ ጭንቅላት እንደሚሠራ በራሴ አይቻለሁ።

ነገሩን አሳምሬ ልንገራችሁ አልፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰው አጣሁ። “አይደርስም” ስላቸው ቀጥታ ጎረቤቴ ጋ ገቡ። እሱም “ይደርሳል” አላቸው። ከበዓል በኋላ አንዳንዶቹ ተመለሱ። አንዳንዶቹ ግን እስከ ዛሬ እሱ ጋ ናቸው፣ በየዓመቱ እየተሰደቡና እየተሳደቡ። ይህን አሁንም አልገባኝም። ባለቤቴ “እነሱ የሚፈልጉት ተስፋ ነው፣ አንተ ደግሞ ቀን ትሰጣቸዋለህ” ትላለች።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ለእንቁጣጣሽ የተቀበልኳቸው ቀሚሶች ነበሩ። ቀብድ ወስጄ ዋጋ ተናግሬ ጨርሻለሁ። ከዚያ ክርና ዚፕ የምገዛበት ነጋዴ በየሳምንቱ ሌላ ዋጋ ይነግረኝ ጀመር። ብዙ ሰዎች በደንበኛ ላይ ጨመሩ፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ደብተሩ ላይ የተጻፈውን አልነካሁም። አዲስ ለሚመጣው ጨመርኩ። በዚያ መስከረም የቤት ኪራይ የከፈልኩት ተበድሬ ነው። ግን ከእነዚያ ደንበኞች አንዷ የእህቷን ሠርግ ሙሉ ልብስ ይዛልኝ መጣች። ሁልጊዜ እንደዚህ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ ሆነ።

አሁን ደግሞ ስለ 23 ቁጥር። አንዲት ደንበኛዬ ዋሽንግተን ነው የምትኖረው። ለዕረፍት ስትመጣ ልኳን ወስጄ ነበር። ከሄደች በኋላ በቴሌግራም ቀሚስ አዘዘች። እጅጌውን አልነገረችኝምና “እጅጌው ስንት ይሁን?” ብዬ ጻፍኩላት። “23” አለች። እኔ የምለካው በሳንቲ ሜትር ነው። 23 ሳንቲ ሜትር ደህና አጭር እጅጌ ነው። ሰፋሁ፣ ተኮስኩ፣ ለሚሄድ ሰው አስይዤ ላክሁ። ለካ እሷ የነገረችኝ በኢንች ነው። 23 ኢንች 58 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ረጅም እጅጌ። ቀሚሱን የፈለገችው በብርድ ወራት ለሚደረግ ክርስትና ነበር።

የጥፋቱ ባለቤት ማን ነው? ደንበኛዋ “ኢንች” አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም። ሁለት ቀን ስከራከር ከረምኩ፣ ከራሴ ጋር። ከዚያ ሜትሬን አነሳሁና አየሁት። በአንድ በኩል ሳንቲ ሜትር፣ በሌላው በኩል ኢንች ተጽፎበታል። ሃያ ዓመት አንገቴ ላይ ሳንጠለጥለው የኖርኩት ሜትር ማለት ነው። ሸማኔው ያንኑ ጥለት ስላልጨረሰው በራሴ ገንዘብ አዲስ እጅጌ ሰፍቼ ላክሁላት። እዚያ ያለች ልብስ ሰፊ ገጠመችላት። አሁን ውጭ ላለ ደንበኛ “በኢንች ነው በሳንቲ?” ሳልል መቀስ አላነሳም።

ወቀሳ ያቀረቡት ሰው ቅር አይበላቸው እንጂ እኔም በደንበኛ ላይ ትንሽ ወቀሳ አለኝ። ጥር 9 ቀን ጨርቅ ይዞ መጥቶ “ላንተ እኮ ምን አላት!” የሚል ሰው አለ። ልክ ሲወሰድ ሆዱን አስገብቶ ቆይቶ፣ ሲረከብ “አጠበብከው” የሚል አለ። ደግሞ አሰፍቶ የሚጠፋ አለ። በአሁኑ ሰዓት መደርደሪያዬ ላይ ባለቤቱ ያልመጣለት 14 ፌስታል አለ። አንዱ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ነው፣ አራት ዓመት ሆነው። ልጁ ዛሬ ቢመጣ አንድ እጁም አይገባለት። ስልክ እደውላለሁ፣ “ነገ እመጣለሁ” ይሉኛል። ምን እላለሁ እንግዲህ!

ልጅቷ በቀደም አንድ ወረቀት አንብባልኝ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በነጋዴ ዘንድ በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻም የመጠበቅ መብት አለው ይላል። ትህትና በአዋጅ መውጣቱ ገረመኝ። ስለ “ነገ ይምጡ” የሚል አንቀጽ ግን አላገኘችልኝም። እኔ እኮ በዚያ ሁሉ ዘመን ማንንም ሰድቤ አላውቅም። እጅግ በጣም ትሁት ውሸታም ነበርኩ። “እሺ እመቤቴ፣ ነገ ጠዋት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከሆነ” ነበር የምለው።

“ደንበኛ ንጉሥ ነው” የሚለውን ጽሑፍ አውርጄዋለሁ። በቦታው ልጅቷ በእጇ የጻፈችው ወረቀት አለ። “ለጥምቀት ልብስ የምንቀበለው እስከ ታኅሣሥ 20 ነው” ይላል። “እስከ” የሚለውን ቃል በቀይ አስምራበታለች።

ለወቀሳው ጸሐፊ፦ የሱሪዎ ነገር አልቆ ከሆነ ደስ ይለኛል። አላልቅ ካለ ግን ሰፊውን አይሳደቡ። “እስካሁን ስንት ተቀብለሃል? በቀን ስንት ትጨርሳለህ?” ብለው ይጠይቁት። ከተደናገረ ሱሪዎን ይዘው ይውጡ።

ይህን ስጽፍ ታኅሣሥ 6 ነው። ደብተሬ ላይ ለጥምቀት የቀረኝ ባዶ መስመር ስድስት ነው። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ማስታወቂያ ከመሰለቻችሁ ሰርዟት።

አንድ ልብስ ሰፊ
ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ