ወረፋ ላይ የሚሠራ ዳንቴል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አንድ ጡረተኛ ወንድማችን ቀኑ አልመሽ ብሏቸው እንደተቸገሩ የጻፉትን አነበብኩ። እኔ ከመዝገብ ቤት ሥራዬ በ60 ዓመቴ ከተሰናበትኩ ወዲህ ቀኑ ይመሻል፤ የሚያመሸው ግን ወረፋ ነው። ጤና ጣቢያ ወረፋ፣ ባንክ ወረፋ፣ ወረዳ ወረፋ፣ ማታ ደግሞ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ። የእኛ ዕድሜ ሰው ከቤቱ ይልቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ለእኚህ ወንድሜ የምመክራቸው ኪስ ውስጥ የሚገባ የእጅ ሥራ እንዲይዙ ነው።

ዳንቴል ለእኔ ዘመን ሴት አዲስ ነገር አይደለም። ናሙና እየተዋዋስን በኪሮሽ ስንሠራ ነው ያደግነው። ሬዲዮው ላይ ዳንቴል፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ ሶፋው ላይ ዳንቴል፤ ቴሌቪዥን ሲገባ እሱም ዳንቴሉን ለበሰ። አሁን ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ ዳንቴሉን የት እናስቀምጠው? ልጆቼም «እማዬ፣ አቧራ ይይዛል» ብለው ሰብስበው ቁም ሣጥን ውስጥ ከተቱት። አልፈርድባቸውም፤ ይይዛል።

ጡረታ ስወጣ ኪሮሼን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መዞር ጀመርኩ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፈታሿ አገኘችው።

«እናቴ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ኪሮሽ ነው ልጄ፣ ዳንቴል መሥሪያ።»

«ሹል ነገር አይገባም። ሲወጡ ይወስዱታል።»

ስወጣ ፈረቃው ተቀይሯል፤ ኪሮሼን ያየ የለም። ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። ግን እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሰው ሁሉ እስክሪብቶ ይዞ ይገባል። የጫፉ ቆልማማ ኪሮሽ ከእስክሪብቶ በምን ይብሳል?

ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የተማርኩት ነገር ትዝ አለኝ። ልጄን ላርስ ሜሪላንድ ሄጄ ሳለ፣ ሕፃኑን በጋሪ እየገፋሁ የሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እገባ ነበር። እዚያ አንዲት አሮጊት አሜሪካዊት ያለ ኪሮሽ ዳንቴል ትሠራለች። በእጇ የያዘችው የሸማኔ መወርወሪያ ነው፤ ግን ከጣት የማይበልጥ። ታቲንግ ይሉታል። የእኔ እንግሊዝኛ የመዝገብ ቤት እንግሊዝኛ ነው፣ እሷም አማርኛ ከየት ታምጣ። በእጅ ተግባባን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክሩ መወርወሪያው ላይ ይጠቀለላል። ጫፉን በግራ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይይዙና ክሩን በቀሩት ጣቶች ላይ አዙረው ቀለበት ያደርጉታል። መወርወሪያውን አንዴ ከሥር፣ አንዴ ከላይ ያሳልፉታል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ቋጠሮ ናቸው። ጀማሪ የሚያለቅሰው እዚህ ላይ ነው። መቋጠር ያለበት ጣት ላይ የዞረው ክር ነው እንጂ የመወርወሪያው ክር አይደለም። የመወርወሪያው ክር በቋጠሮው መሃል ቀጥ ብሎ ማለፍ አለበት። ለዚህ ዘዴው የግራ ጣቶችን ላላ፣ የቀኙን ክር ወጠር ማድረግ ነው። ያኔ ቋጠሮው ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ግልብጥ ይላል። ሲገለበጥ ጣት ላይ ይታወቃል። ካልተገለበጠ ክሩ ይታነቅና ቀለበቱ ቢጎትቱት፣ ቢጎትቱት አይዘጋም። በቋጠሮና በቋጠሮ መሃል ክሩን ትንሽ ከተዉለት ደግሞ ጆሮ ያወጣል። ቀጣዩ ቀለበት የሚያያዘው በዚያ ጆሮ ነው።

የኪሮሽ ሥራ ስምዎ ተጠርቶ ብድግ ሲሉ ከመንጠቆው ከወጣ ይተረተራል። ይሄኛው ቋጠሮ ስለሆነ ባለበት ይቆያል፤ ኪስ ውስጥ ከቶ መሄድ ነው። እርግጥ የተበላሸውን መፍታት አበሳ ነው፣ በመቀስ ቆርጦ እንደገና መጀመር ይቀላል። ጭንም ጠረጴዛም አይፈልግም። ሰልፍ ላይ ቆመው ይሠሩታል። እስካሁን የያዘብኝ ፈታሽ የለም።

መወርወሪያውን በዞርኩባቸው የመርካቶ ሱቆች አላገኘሁትም። ግን ከላስቲክ መቁረጥ ይቻላል። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድ በቁመቱ ለሁለት ይሰንጠቁ፣ ማዕዘኖቹን ያድቦልቡሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ውስጥ ጎድጎድ አድርገው ይቁረጡ። ክሩ የሚጠቀለለው በቁመቱ፣ ከጎድጓዳ እስከ ጎድጓዳ ነው። ክሩ ያው ለኪሮሽ የሚሸጠው የጥጥ ክር ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይቀጥናል፤ በ10 ቁጥር ይጀምሩ፣ 80ን ለወጣት ዓይን ይተዉት። ነጭ ክር ከያዙ ጥቁር ልብስ ይልበሱ፣ ወይም ጥቁር ጨርቅ ጣል ያድርጉ። አለበለዚያ ቋጠሮው አይታይም።

ትልቅ ነገር አልሠራም። የመሐረብ ጠርዝ፣ የሕፃን ኮፍያ ጠርዝ፣ ለዳዊት ዕልባት የሚሆን መስቀል። ሶፋ የሚያለብስ ስላልሆነ ልጆቼም ተመስገን ብለዋል።

ወንድሜ ደግሞ «የሴት ሥራ ነው» እንዳይሉኝ። በአገራችን መወርወሪያ በማን እጅ እንደኖረ ያውቃሉ፤ ሸማኔው ወንድ ነው። ጤና ጣቢያ አጠገቤ የተቀመጡ አንድ የቀድሞ የከባድ መኪና ሾፌር እጄን ሲያዩ ቆይተው «እስቲ አምጪው» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሸራ በገመድ ሲያስሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔን ስንት ጊዜ ያስለቀሰኝ ቋጠሮ ለእሳቸው ተራቸው ሳይደርስ ገባቸው። መወርወሪያዬንም ይዘውት ሄዱ።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። የቃላት ጨዋታ በምታወጡበት ገጽ ጥግ ላይ የዳንቴል ናሙና ብታወጡልንስ? ሥዕሉን እኔ አዘጋጃለሁ። ክፍያ አልፈልግም፤ ጋዜጣውን ብቻ ላኩልኝ።

ጡረተኛዋ አንባቢያችሁ
ከጎፋ ሰፈር፣ አዲስ አበባ