የዘፈን ደራሲ ስለ መነሻው ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራውም ይጠየቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ከዘፈን ግጥምና ዜማ ደራሲዎች ጋር የምታደርጓቸውን ቃለ ምልልሶች በጉጉት ከሚጠብቁ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። ለድምፃውያን ግጥም እየጻፍኩ ዓመታትን ያሳለፍኩ በመሆኔ ገጹን የማነበው ለመዝናናት ብቻ አይደለም። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝ በእነዚህ ቃለ ምልልሶች ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው «ለዚህ ዘፈን መነሻ የሆነህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው በራሱ ነውር የለበትም። ቅሬታዬ ጠያቂው መልሱን እንዳገኘ ወደሚቀጥለው ዘፈን መሻገሩ፣ በዚህም ሐሳቡ ከተጠነሰሰበት ጊዜ አንሥቶ ዘፈኑ እስኪቀረጽ ድረስ ያለው ረጅም ሥራ ሳይነገር መቅረቱ ነው።

እርግጥ ጥፋቱ የጋዜጠኛው ብቻ አይደለም። እኛ የሙያው ሰዎችም ስንጠየቅ የሚያምርብንን መርጠን እንመልሳለን። ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ በአንድ ትንፋሽ ስላጻፈን ግጥም ማውራት፣ ሁለተኛውን አንጓ ደጋግመን ከቀያየርን በኋላ በመጨረሻ ስለ መጣላችን ከማውራት ይልቅ ያስከብራል። ይሁንና ወሬው በተደጋገመ ቁጥር ጉዳት ያስከትላል። ወጣት ጸሐፊዎች ሥራቸውን ሊያማክሩኝ ሲመጡ ብዙ ጊዜ የምሰማው «ስሜቱ አልመጣልኝም» የሚል ምክንያት ነው፤ ከየት እንደሚመጣና እስኪመጣ ምን መሥራት እንዳለባቸው ግን የነገራቸው ሰው የለም።

መነሻቸው በእውነትም ድንገት የመጣ ዘፈኖች እንኳ የሚነግሩን ሌላ ነገር ነው። ቢትልስ የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ ቡድን አባል የነበረው ፖል ማካርትኒ «የስተርደይ» የተባለውን ዘፈን ዜማ ያገኘው በሕልሙ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ታሪኩም በየመጽሔቱ የሚጠቀሰው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን ይበልጥ ያስተምራል። ዜማው ያለ ምንም ድካም ስለመጣለት ከሌላ ሰው ሥራ ሳላውቀው ሰርቄው ይሆናል ብሎ ሰጋ፤ ለሳምንታትም በሙዚቃው ዓለም ለሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እያንጎራጎረ «ይህን የት ሰምታችሁታል?» እያለ ጠየቀ። የማንም አለመሆኑን ሲያረጋግጥ ደግሞ ግጥም አልነበረውም። ዜማው እንዳይጠፋበት በእንግሊዝኛ «እንቁላል ፍርፍር» የሚል ትርጉም ያለው፣ ከዜማው ልክ ጋር የሚገጥም ጊዜያዊ ቃል አስገብቶ ይዘፍነው ነበር። ዛሬ የምናውቀው ግጥም የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ፖርቱጋል ባደረገው ጉዞ ሲሆን፣ ቀረጻው የተካሄደው በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ነው። ዘፈኑን አራት የገመድ መሣሪያዎች እንዲያጅቡት ሐሳብ ያቀረበው ፕሮዲውሰሩ ጆርጅ ማርቲን ነበር፤ ማካርትኒ መጀመሪያ ላይ አመንትቷል። እንግዲህ ሕልሙ የሰጠው ዜማውን ብቻ ነው። የቀረው በጥርጣሬ፣ በትዕግሥት፣ በጊዜያዊ ቃላትና በሌላ ሰው ምክር የተሟላ ነው።

ስለ ጊዜያዊ ቃላት ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ በሙያው ውስጥ እጅግ የተለመደ ሆኖ ሳለ አንባቢ ብዙም የማይሰማው ነገር ነው። ዜማ ቀድሞ ሲመጣ ደራሲው ትርጉም በሌላቸው ድምፆች እየሞላ ያንጎራጉረዋል፤ ዓላማው የቀለሞቹን (የክፍለ ቃላቱን) ቁጥርና የምቱን አወዳደቅ በአእምሮ መያዝ ነው። አንዳንዴ ከዚያ ዝብርቅርቅ ውስጥ አንድ እውነተኛ ቃል ብቅ ይልና የዘፈኑ አዝማች ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ጊዜያዊውን ቃል ጆሮ ስለሚለምደው ከቦታው አልነቃነቅ ይላል፤ ያኔ ትርጉም ያለውን ቃል መተካት ከባድ ትግል ነው።

መነሻ ሐሳብ የሚመጣው ደግሞ ከራስ ሕይወት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊቷ የጃዝ ድምፃዊት ቢሊ ሆሊዴይ እ.ኤ.አ. በ1939 ያስቀረጸችውን፣ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ይፈጸም የነበረውን በመንጋ የመስቀል ግፍ ያጋለጠውን «ስትሬንጅ ፍሩት» የተባለ ዘፈን ግጥምና ዜማ የደረሰው አቤል ሚሮፖል፣ በኒውዮርክ የሚኖር መምህር ነበር። የተነሣሣው እ.ኤ.አ. በ1930 በኢንዲያና ግዛት በዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ጥቁር ወጣቶችን የሚያሳይ ፎቶግራፍ አይቶ ነው። ግጥሙን እ.ኤ.አ. በ1937 አሳተመው፤ ዜማ ያበጀለትም ከዚያ በኋላ ነው። በስፍራው አልነበረም፤ ግፉም በእርሱ ላይ አልደረሰም። ፎቶግራፉ ቁጣ ሰጠው እንጂ ግጥም አልሰጠውም። የግጥሙ ኃይል ያለው፣ የተሰቀሉትን ሰዎች ዛፍ እንዳፈራው እንግዳ ፍሬ አድርጎ በማየቱና ግፉን በረጋ ድምፅ በማቅረቡ ላይ ነው። ይህ ደግሞ ምርጫ ነው፤ በምርጫው ላይም ሰው ቁጭ ብሎ ይሠራል።

ጠያቂዎች ይህን ቢያስታውሱ «ልጅቷ ማን ናት?» ከሚለው ጥያቄም በተገላገልን ነበር። በመኪና ውስጥ የተሰማ የማያውቁት ሰው ንግግር፣ የጓደኛ መለየት፣ አንድ የጋዜጣ ዜና ወይም መሣሪያ ሲነካኩ ባልታሰበ ቦታ ያረፈ ጣት፣ እያንዳንዱ የዘፈን መነሻ ሊሆን ይችላል። ዘፈንን የደራሲው የግል መዝገብ አድርጎ የሚያነብ ሰው የፈጠራውን ድርሻ ይክዳል፤ ከዚያም አልፎ የደራሲውን ትዳር ያስቸግራል።

እንዲህ ስል ግን ድንገት የሚመጣ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ይመጣል፤ የሚያገኘው ግን የተዘጋጀውን ሰው ነው። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቻይኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1878 ለደጋፊው ለናዴዥዳ ፎን ሜክ በጻፈው ደብዳቤ፣ ተመስጦ ሰነፎችን መጎብኘት የማይወድ እንግዳ መሆኑን ገልጾላታል። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን ጊታር ተጫዋች ኪት ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. በ1965 ለወጣው «ሳቲስፋክሽን» ለተሰኘው ዘፈን መነሻ የሆነውን የጊታር ሐረግ በእንቅልፍ ልቡ ተነሥቶ እንደቀዳው ይናገራል። ጠዋት ካሴቱ እስከ መጨረሻው መሄዱን አይቶ ወደ ኋላ መልሶ ሲያዳምጠው ጥቂት የጊታር ድምፅ፣ ከዚያም የራሱን ረጅም ማንኮራፋት ሰማ። ሰው በታሪኩ ስቆ ያልፋል፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን መቅረጫውና ጊታሩ ከአልጋው አጠገብ መገኘታቸው ነው። ዛሬ ስልክ በየኪሱ ስላለ መቅዳቱ ቀሏል። የተቀዳውን ተመልሶ ማዳመጥና ከብዙ ቁርጥራጭ ውስጥ የሚረባውን መለየት ግን እንደ ድሮው ሁሉ ዛሬም ሰው ይፈልጋል።

ሌላው የማይጠየቀው ጉዳይ ቅደም ተከተሉ ነው። ግጥሙ ነው የቀደመው ወይስ ዜማው? እንግሊዛዊው ድምፃዊ ኤልተን ጆንና ግጥም ጸሐፊው በርኒ ቶፒን እ.ኤ.አ. በ1967 ከተገናኙበት ጊዜ አንሥቶ የሠሩት በአብዛኛው ግጥሙ ቀድሞ ነው፤ ቶፒን ጽፎ ይሰጣል፣ ጆን ለብቻው ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ዜማ ያወጣለታል። አሜሪካዊው ድምፃዊ ፖል ሳይመን ደግሞ «ግሬስላንድ» ለተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ ጆሃንስበርግ ሄዶ ከደቡብ አፍሪካ ሙዚቀኞች ጋር አስቀድሞ ሙዚቃውን ቀረጸ፤ አብዛኛውን ግጥምና ዜማ ያበጀው ወደ አገሩ ተመልሶ ቅጂውን ደጋግሞ እያዳመጠ ነው። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ ዘፈን ያስገኛሉ። ግጥም ሲቀድም ሐሳቡ ሙሉ ይሆናል፤ ዜማው ግን በስንኙ ርዝመት ይታሰራል። ዜማ ወይም ምት ሲቀድም ዘፈኑ በቀላሉ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ግጥም ጸሐፊው ግን ሌላ ሰው በለካው ቦታ ውስጥ ነው የሚንቀሳቀሰው።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ሁለተኛው መንገድ የራሱ ፈተና አለው፤ እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብዬ ብገልጸው አንባቢ ይቅር ይለኛል ብዬ አስባለሁ። በንግግራችን ውስጥ መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል፤ ፊደሉ ግን አይለየውም። «ፍቅር አለ» የሚለው ሐረግ ጠብቆ ሲነገር ፍቅር መኖሩን ያበሥራል፤ ላልቶ ሲነገር ግን አንድ ሰው «ፍቅር» ብሎ መናገሩን ብቻ ያወራል። ዜማው በዚያ ቦታ ላይ ፈጥኖ የሚያልፍ ከሆነ ድምፃዊው ለማጥበቅ ጊዜ ያጣል፤ አድማጩም ሌላ ነገር ይሰማል። የቃሉ መጨረሻም እንዲሁ ነው። ዜማው ረዝሞ እንዲቆይ በሚፈለግበት ቦታ ላይ እንደ «ልብ» ያለ በሳድስ የሚያልቅ ቃል ቢወድቅ፣ ድምፃዊው ይዞት የሚቆየው ክፍት ድምፅ የለውም። «ልቤ» ቢባል ግን ይዘረጋል፤ እንደ «መጣ» ባለ፣ አፍን በሚከፍት ራብዕ ቢያልቅ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት ይበልጥ ይቀላል። ስለዚህ ግጥም ጸሐፊው ቤት መምታቱን ብቻ ሳይሆን የድምፃዊውን ትንፋሽና የድምፁን ልክም እያሰበ ይጽፋል። በወረቀት ላይ ያማረ ስንኝ ማይክሮፎን ፊት ሲደርስ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ አንድም ቀን አንብቤ አላውቅም፤ ከአንባቢ አቅም በላይ ነው ተብሎ ተገምቶ ከሆነ ግምቱ አንባቢን አያከብርም።

ስለ መሰረዝና እንደገና ስለ መጻፍ ደግሞ የካናዳዊውን ድምፃዊና ገጣሚ የሌናርድ ኮኸንን «ሃሌሉያ» ማንሳት ይበቃል። ኮኸን በዚህ ዘፈን ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ከተጠቀመባቸው እጅግ የበዙ አንጓዎችን ጽፎ ትቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 በአልበም ሲወጣም ብዙ ትኩረት አላገኘም፤ የቀረጻ ኩባንያው አልበሙን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ለማውጣት እንኳ ፈቃደኛ አልነበረም። ሙዚቀኛው ጆን ኬል እ.ኤ.አ. በ1991 ዘፈኑን በራሱ መንገድ ለመሥራት ግጥሙን ሲጠይቅ በፋክስ ብዙ ገጽ ተላከለት፤ ከዚያ ውስጥ መርጦ ያቀናበረው ቅጂ ለድምፃዊው ለጄፍ በክሊ መነሻ ሆነ፤ የበክሊም እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቶ ዘፈኑን ለአዲስ ትውልድ አደረሰ። ኮኸን ጽፎ የተዋቸው አንጓዎች ባይኖሩ ኬል የሚመርጠው ነገር አይኖረውም ነበር። ከዚህ በኋላ «ዘፈኑ የማን ነው? መቼስ ነው የተወለደው?» ቢባል መልሱ ቀላል አይደለም፤ ለጥሩ ጠያቂ ግን ግሩም የወሬ መነሻ ነው።

በስቱዲዮ ውስጥ ስላለው ሥራ ብዙ አልልም፤ የአቀናባሪዎች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ይህን ብቻ ልናገር፦ ዘፈኑ በየትኛው የድምፅ ከፍታ ይዘፈን፣ ምቱ ምን ያህል ይፍጠን፣ መግቢያው ይርዘም ወይስ ድምፃዊው ወዲያው ይግባ የሚሉት ውሳኔዎች የግጥሙን ስሜት እስከ መለወጥ ይደርሳሉ። የኀዘን ግጥም በፈጣን ምት ተሠርቶ ሕዝብ ሲጨፍርበት አይቻለሁ። ውጤቱን አልጠላሁትም፤ ግን ያ ውሳኔ የማን እንደነበር የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍላችሁ የማቀርበው ጥያቄ ውስን ነው። ስለ አንድ ዘፈን በምትጽፉበት ጊዜ ሁሉ የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ስም ከድምፃዊው ስም ጋር አብራችሁ አስፍሩ። ደራሲን ስታነጋግሩም መነሻውን ከጠየቃችሁ በኋላ ቆም ብላችሁ ግጥሙና ዜማው የትኛው እንደቀደመ፣ መጀመሪያ የተጻፈው አዝማች ምን ይመስል እንደነበር፣ የትኛው ስንኝ ለምን እንደተጣለ፣ ድምፃዊው «ይህን ቃል ልዘፍነው አልቻልኩም» ያለበት ቦታ እንዳለና ደራሲው ሥራው ማለቁን በምን እንዳወቀ ጠይቁልን። ደራሲው ፈቃደኛ ከሆነም ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ረቂቅ ከፎቶግራፉ ጎን ብታትሙት በገጹ ላይ ብዙ ቦታ አይወስድባችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ የሆነ አንድ የዘፈን ግጥም ጸሐፊ